ያልተመዘገበ ቀንና ተንቀሳቃሽ አማካይ



እንደሚታወቀው የባሌ ደጋ «ጋና» እና «ቦና» የተባሉ ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉት። ስንዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚታጨድ ዋጋውም ሁለት ጊዜ ይወድቃል፤ ሁለት ጊዜ ይነሣል። ስለሆነም በጎባና በሮቤ የዋጋን አዝማሚያ ለሚመረምር ባለሙያ ቀዳሚው መሣሪያ ተንቀሳቃሽ አማካይ ነው።

እንደ ፓይን ስክሪፕት ያሉ የገበያ መተንተኛ ቋንቋዎች ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ፈንክሽኖች አሏቸው። ይሁን እንጂ እነዚህ የሚቆጥሩት የተመዘገበውን ዋጋ እንጂ ያለፈውን ጊዜ አይደለም። የጭነት መኪና በዝናብ ምክንያት ቀርቶ ዋጋ ሳይመዘገብ ሳምንታት ቢያልፉ ፈንክሽኑ ክፍተቱን ዘልሎ የወር ዋጋን እንደ ትናንት ዋጋ ይወስደዋል።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ኩንታል ስንዴ ዋጋ በሦስት ተከታታይ ሳምንታት 4000፣ 4100 እና 4200 ብር ነበር እንበል። ከዚያ በኋላ 21 ቀን ያለ መዝገብ አለፈና 4800 ብር ተመዘገበ። የአራቱ ተራ አማካይ 4275 ብር ነው።

መፍትሔው ባለሙያው የራሱን ፈንክሽን መጻፉ ነው። ፈንክሽኑ በሁለት ምዝገባዎች መካከል ያለፉትን ቀናት ይቁጠር፤ በየ7 ቀኑም የቀድሞውን አማካይ ክብደት በግማሽ ይቀንስ። በ21 ቀን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዋጋዎች ተራ አማካይ፣ ማለትም 4100 ብር፣ አንድ ስምንተኛ ክብደት ብቻ ይቀረዋል፤ ሰባት ስምንተኛው ለአዲሱ ዋጋ ይሰጣል። ውጤቱም 4712 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ልዩነቱ በኩንታል 437 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ አሥር ኩንታል ለሚሸጥ ገበሬ 4375 ብር ይደርሳል።

ነገር ግን ይህም ዘዴ የራሱ አደጋ አለው። ከረዥም ክፍተት በኋላ የተመዘገበ አንድ የተሳሳተ ዋጋ ሰባት ስምንተኛውን ውጤት ያበላሻል። ስለዚህ ፈንክሽኑ ከአማካዩ ጎን የምዝገባውን ብዛትና በመጨረሻዎቹ ሁለት ምዝገባዎች መካከል ያለፉትን ቀናት ያሳይ፤ መረጃው ከሦስት ምዝገባ ካነሰ ግን ቁጥር ከመስጠት ይቆጠብ።

አማካይ ለባለሙያው ሒሳብ ነው፤ ለገበሬው ግን የዓመት ልፋቱ ዋጋ ነው። ያልተመዘገበውን ቀን እንደሌለ የሚቆጥር ሒሳብ ስሌቱ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ፍርዱ የተዛባ ነው።