«እኛ» የምትለው ቃል
(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጽሑፍ ምሽት የተደረገ ንግግር)



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ሦስት ሆነን ነው። ስለዚህ «እኛ» እያልን ስንናገር ትዕቢት መስሎ እንዳይታያችሁ እንለምናለን። የምንናገረውም ስለዚችው ቃል ነው። «እኛ» የሚባል አንድ የሩሲያ ልብ ወለድ አለ፤ እሱን ካነበብን ወዲህ ቃሉን እንደ ቀድሞው ሳናስብ ከአፋችን ማውጣት ተስኖናል።

ደራሲው የቭጌኒ ዛምያቲን ይባላል፤ ሙያው የመርከብ ምሕንድስና ነበር። ተማሪ ሳለ ከቦልሼቪኮች ጋር ተሰልፎ በ1905 ታስሯል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አብዮቱ ከተሳካ በኋላ፣ በ1920 እና በ1921 ይህን መጽሐፍ ቢጽፍ በአገሩ እንዳይታተም ተከለከለ። በ1924 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በኒው ዮርክ ሲወጣ፣ በሶቪየት ኅብረት ግን እስከ 1988 ድረስ አልታተመም። ዛምያቲን በ1931 ለስታሊን ደብዳቤ ጽፎ ከአገር ለመውጣት ተፈቀደለት፤ በ1937 ፓሪስ ላይ ሞተ። እንግዲህ ጸሐፊው የለውጥ ጠላት ሳይሆን፣ ስለ ለውጥ ብሎ ወህኒ የወረደ ሰው መሆኑን ልብ በሉልን።

ታሪኩ የሚፈጸመው በሩቅ ዘመን በታጠረ ከተማ ነው። በዚያ ከተማ ሰው በቁጥር እንጂ በስም አይጠራም። ልብሱ አንድ ዓይነት ነው፤ የቤቱ ግድግዳ ሁሉ መስተዋት ስለ ሆነ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያይ ይውላል። ሁሉም በአንድ ደቂቃ ይነሣል፣ በአንድ ደቂቃ ይተኛል፤ አንዱን ጉርሻ ስንት ጊዜ ማላመጥ እንደሚገባ እንኳ በሕግ ተደንግጓል፤ ሃምሳ ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የቀሩለት የግል ሰዓቶች በቀን ሁለት ብቻ ናቸው።

ተራኪው ዲ-503 የሚባል መሐንዲስ ነው። እኛን ያስደነቀን መከራው አይደለም፤ ደስተኛ መሆኑ ነው። ማንም በጅራፍ አላስገደደውም። «እኔ» ማለት ለእርሱ እንደ ሕመም ይቆጠራል፤ ደኅና ጣት በእጅ ላይ መኖሩ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ ጤነኛ ሰውም ራሱን ሊያስታውቅ አይገባም ብሎ ያምናል። በኋላ ኢ-330 የተባለች ሴት ወድዶ እንቅልፍ ቢያጣና ሕልም ማየት ቢጀምር ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ ሐኪሙም ነፍስ እንደበቀለችበት ይነግረዋል። በመጨረሻ ሐሳብን የሚፈጥረውን ክፍል ከአእምሮው አውጥተው ይፈውሱታል። እርሱም የወደዳት ሴት ስትሠቃይ ተቀምጦ ያያል፤ ምንም አይሰማውም።

ከዚህ ወዲህ የመጡት ደራስያን መንገዱን አስፍተውታል። አልደስ ሃክስሊ በ1932 ባወጣው ልብ ወለድ ሰዎችን የሚያመሳስለው በፍርሃት ሳይሆን በተድላና በሚያስረሳ ኪኒን ነው። አሜሪካዊው ከርት ቮነጉት ደግሞ በ1961 ባወጣው አጭር ልብ ወለድ በ2081 የሚሆን አገር አሳይቷል፤ በዚያ አገር ብርቱው ብረት ይሸከማል፣ መልከ መልካሙ ፊቱን ይሸፍናል፣ ብልኁም አሳቡን የሚበትን ጩኸት በጆሮው ይለቀቅበታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። «ገና በቂ እንጀራ ባልዳረሰበት አገር ስለ ግል አሳብ ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» ትሉን ይሆናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የድኻውን ልጅ ከኀፍረት እንደሚያድን እናውቃለን፤ የምግብ አዳራሹም ደወል ቢጠላ እንኳ ይጠቅማል። ነገር ግን ደወሉ የሚያዝዘው እግራችንን ነው። እንጀራን እኩል መካፈል ፍትሕ ነው፤ አሳብን እኩል መቍረስ ግን አይቻልም፤ ሰው ሁሉ አንድ አሳብ ብቻ እንዲኖረው ከተፈለገ የቀረው መቀማት አለበት።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ምሳሌው የኅብረት ምሳሌ ነው። ግን ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ሃምሳ ሰዎች ሲኖሩ፣ እያንዳንዱም በገዛ እጁ ሲይዘው ነው። በዛምያቲን ከተማ ሎሚው ሃምሳ ቢሆንም እጁ አንድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በመጽሐፉ ውስጥ መሪው በየዓመቱ በአንድ ድምፅ የሚመረጥበት በዓል አለ። አንድ ዓመት በሺህ የሚቆጠሩ እጆች በተቃውሞ ተነሡ፤ በማግስቱ ግን ጋዜጣው ተቃዋሚዎቹ የማይቈጠሩ በመሆናቸው ምርጫው በሙሉ ድምፅ ተፈጸመ ብሎ ጻፈ።

ባለፈው ጉባኤያችን አንድ ጓደኛችን ብቻውን ተነሥቶ «አልስማማም» ሲል አዳራሹ በፉጨት ተናወጠ። ምክንያቱን ሳይጨርስ ተቀመጠ። ካፏጩት መካከል እኛ ሦስታችንም ነበርንበት። አሳቡ ዛሬም ትክክል አይመስለንም። ቃለ ጉባኤው ግን «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይላል፤ ይህ ደግሞ እውነት አይደለም፤ ያ ልጅ እጁን አላነሣም።

ስለዚህ ንግግራችንን የምንዘጋው በልመና ነው። የማኅበራችን ጸሐፊ ቃለ ጉባኤውን አርሞ «አንድ ተቃውሞ» ብሎ ይጻፍልን። ጓደኛችንም በሚመጣው ስብሰባ ያቋረጥነውን ምክንያቱን እስከ መጨረሻው ይንገረን፤ እኛም ዝም ብለን እንሰማዋለን።