ውርጭ ደጃፍ ላይ አቮካዶ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ ሥራ ከተባለ። በደጋ ጓሮ የቆላ ፍሬ ማብቀል። ደባርቅ ወይም ዳባት ውስጥ ይህን የሚሞክር ሰው ሲገኝ፣ ጎረቤቱ የሚለው አስቀድሞ ይታወቃል፦ «አይ አንተ ሰው! ሊማሊሞን ብትወርድ ሞልቶልህ የለም እንዴ?» ነገሩ እውነት አለው። ከደባርቅ አፋፍ ተነስቶ ወደ ዛሪማ የሚጠማዘዘው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ታች ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። የቆላው ፍሬ በአይሱዙ ተጭኖ ሽቅብ ይመጣል። ለመብላት ብቻ ከሆነ ገበያ መውጣት ይበቃል። እኔ ግን ይህን ሙከራ እወደዋለሁ፤ ሰው የገዛ ጓሮውን ብርድ እንዲያጠና ያስገድደዋልና።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳባት ከእሷ ዝቅ ትላለች፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለው ሳንቃ በር ደግሞ ወደ 3,250 ሜትር ይጠጋል። በአገራችን ለአቮካዶ የሚመከረው ከፍታ ከ2,400 ሜትር እምብዛም አያልፍም። እንግዲህ ደባርቅ ላይ አቮካዶ የሚተክል ሰው 3 ዲግሪ ያህል ዕዳ ይዞ ነው የሚጀምረው። ይህን ዕዳ ችግኙ ይከፍለዋል ወይስ ጓሮው? ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ብርድ አገር ፍሬ የተጻፈው አብዛኛው ምክር የተጻፈው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ነው። እዚያ ብርዱ በወቅት ይመጣል፤ ወራት ተቀምጦ ይሄዳል። የእኛ ደጋ ጠባዩ ሌላ ነው። የአፍሪካን ከፍተኛ ተራሮች ዕፅዋት ያጠናው ስዊድናዊው ኡሎቭ ሄድበርግ እንዳስተዋለው፣ እንዲህ ባለ ቦታ ሙቀቱም ብርዱም የሚፈራረቁት በዓመት ሳይሆን በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ህዳርና ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል፤ ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ደግሞ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይነጋል። ዛፉ ዓመቱን ሙሉ ነቅቶ፣ ለጋ ቅጠል እያወጣ ውርጩ ይደርስበታል። ክፋቱ ይህ ነው። በጎነቱ ደግሞ የሌሊቱን ብርድ የሚክስ ፀሐይ በየጠዋቱ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

ወደ ችግኙ እንምጣ። አቮካዶ ሦስት ዘር አለው፦ የሜክሲኮ ደጋ፣ የጓቴማላ ደጋና ሞቃቱን ቆላ የሚወደው የምዕራብ ኢንዲስ። ብርድ የሚችለው የሜክሲኮው ነው፤ ፍሬው ግን ትንሽና ልጣጩ ስስ ነው። የጓቴማላው ወፍራም ልጣጭና ትልቅ ፍሬ አለው። ሁለቱ ሲዳቀሉ የተገኘው ፉዌርቴ እ.ኤ.አ. በ1911 ከሜክሲኮዋ አትሊክስኮ ወደ ካሊፎርኒያ ተወሰደ። በ1913 በወረደው ታላቅ ውርጭ ሌሎቹ ሲያልቁ እሱ ተረፈ፤ ገበሬውም ያን ጊዜ አመነው። ዛሬ በሜጫ፣ በቆጋ መስኖ ለውጭ ገበያ የሚለማው ሃስም የነዚሁ የሁለቱ ደጋዎች ድቅል ነው፤ ብርድ በመቻል ግን ከፉዌርቴ ያንሳል። ባኮን የሚባለው ከሁለቱም ይጸናል። ጣዕሙ ውሃ ውሃ ይላል ብለው የሚያሙት አሉ፤ እኔም ከሐሜተኞቹ አንዱ ነኝ።

የሃስ ታሪክ ራሱ ሊወራ ይገባዋል። ሩዶልፍ ሃስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖስተኛ ነበር። ያበቀለው ችግኝ ላይ የፉዌርቴ ቅርንጫፍ ሊያጣብቅ ደጋግሞ ሞከረ፤ ችግኙ እምቢ አለ። ሊቆርጠው አስቦ ተወው። በኋላ ልጆቹ ከሌላው ሁሉ የዚያን ዛፍ ፍሬ መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣበት። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የሃስ ዛፍ ሁሉ የዚያ አንድ ዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ እናት ዛፏ እ.ኤ.አ. በ2002 ደረቀች። ይህን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ገበያ ላይ ጥሩ አቮካዶ በልቶ ፍሬውን ጓሮው የሚቀብር ሰው ብዙ ነው። የድቅል ፍሬ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም፤ ብርድ የሚችል ይውጣ የሚፈራ አይታወቅም፤ ፍሬ ለማየትም ረጅም ዓመታት መጠበቅ አለ። ስለዚህ የተጣበቀ ችግኝ ግዙ። ስትገዙም ላይኛው ቅርንጫፍ ብቻ ሳይሆን ታችኛው ግንድ ከምን ዘር እንደሆነ ጠይቁ።

ታችኛውን ግንድ የሚንቅ ሰው የብርቱካንን ታሪክ ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1894 እና በ1895 ፍሎሪዳ ላይ የወረደ ውርጭ የብርቱካን እርሻውን አመድ አደረገው። ዋልተር ስዊንግል የተባለ ተመራማሪ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣውን፣ ከፍተኛ ብርድ የሚችለውን ባለ ሦስት ቅጠል ብርቱካን ከጣፋጩ ጋር አዳቀለ። የተወለደው ዛፍ ብርድ ቻለ፤ ፍሬው ግን መራራ ሆነ፣ የሚበላው ጠፋ። ሥራው ከሸፈ ሊባል ነበር። ነገር ግን ከዚያው ዓይነት ማዳቀል የተገኙት እነካሪዞና ትሮየር ዛሬ በብዙ አገር ጣፋጩን ብርቱካን ከታች የተሸከሙ ግንዶች ናቸው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ድቅል ችግኝ ያለ ልክ እንደሚወደስ አምናለሁ። ነጋዴው «የተሻሻለ ዝርያ ነው» ይላል፤ ገዢው ዕዳው የተከፈለ ይመስለዋል። ዝርያው የሚከፍለው ከፊሉን ነው፤ የቀረውን ጓሮው ይከፍላል። ብርድ አየር ከባድ ነው፤ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስና ረባዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከቤቱ በታች ያለው ለጥ ያለ መሬት፣ ለድንች ምንም ቢመች፣ ለአቮካዶ መቃብር ነው። የተዳፋቱን ወገብ ምረጡ። ፀሐይ በህዳርና በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለችና ፊቱን ወደ ደቡብ ያደረገ የድንጋይ ግድግዳ ካላችሁ ችግኙን አስጠጉለት። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ፓሪስ አጠገብ የሞንትሮይ ገበሬዎች በዚሁ ዘዴ ኮክ ሲያበቅሉ ኖረዋል። ሶቪየቶች ደግሞ ሎሚና ብርቱካንን ጉድጓድ ውስጥ ይተክሉ ነበር፤ ይህን ግን እዚህ እንዳትሞክሩት፤ ሐምሌ ላይ ዛፍ ሳይሆን ኩሬ ይሆንላችኋል።

ውሃውን ካነሳን ላይቀር፣ በእኔ ግምት በደጋ ጓሮ አቮካዶን ከህዳር ውርጭ ይልቅ የሚገድለው የነሐሴ ውሃ ነው። የአቮካዶ ሥር ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ዋልካ አፈር ውሃ ይዞ ሲተኛበት ይበሰብሳል። ዛፉ ከላይ ጠውልጎ ሲታይ ሰው የጠማው መስሎት ጭራሽ ያጠጣዋል። አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ጉብታ ላይ ትከሉ። በበጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ እርጥብና ያልተሸፈነ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል፤ ደረቅ ሣር የተነጠፈበት አፈር ግን ሙቀቱን ለዛፉ አይሰጥም። ስለዚህ ውርጭ በሚፈራበት ሰሞን ሥሩ ላይ ያለውን ገለባ ገለጥ አድርጉ፤ በጠዋት አጠጡ፤ ማታ ትንሹን ችግኝ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኑ፤ ሲነጋ ግለጡት። እበት አጭሶ ማደር ደግሞ የቆየ ልማድ ነው፤ የሚያሞቀው ግን እሳቱ እንጂ ጭሱ አይደለም። ጭስ ሙቀት ወደ ሰማይ እንዳያመልጥ አያግድም፤ ጎረቤት ግን ያስለቅሳል። ግንዱንም በኖራ ቀቡት፤ የደጋ ፀሐይ ለጋ ልጣጭ ያቃጥላል።

ዛፉ አድጎ ማበብ ሲጀምር ሌላ ጣጣ አለ። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ በሴትነት፣ በማግስቱ በወንድነት። ሃስ ጠዋት በሴትነት ሲከፈት ፉዌርቴና ባኮን ከሰዓት በኋላ ይከፈታሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ ዓይነት ጎን ለጎን ቢሆኑ ይረዳዳሉ። ብርድ ሲበረታ የአበባው ሰዓት ይዛባል፤ ንቡም ከቀፎው አይወጣም። ፍሬ የያዘውም ቢሆን በብርድ አገር ለመድረስ ከዓመት በላይ ይወስዳል። ዛፉ ላይ እያለ አይበስልምና ለመቅጠፍ አትቸኩሉ፤ በቆየ ቁጥር ቅባቱ ይጨምራል።

ትዕግሥት ለሌለው ሰው ካዝሚርን እመክራለሁ። የትውልድ አገሩ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ደጋ ስለሆነ ቀዝቃዛ ሌሊት አይደንቀውም፤ ሥጋው ለስላሳና ጣፋጭ ነው። ገበያ ድረስ ሲጓዝ ስለሚላላ ነጋዴ አይወደውም፤ ጓሮ ያለው ሰው ግን ከዛፉ ሥር ይበላዋል። ፍሬ ውስጥ ያለውን ዘር ግን ልጆች እንዳይቀምሱት፤ መርዝነት አለው።

እጁ ሥራ ለሚወድ ደግሞ የጊሽጣ ድቅል አለ። እ.ኤ.አ. በ1908 ዌስተር የሚባል ሰው ፍሎሪዳ ውስጥ የአንዲስ ተራሮችን ጊሽጣ ከቆላው ጋር አዳቀለ፤ ልጁ አቴሞያ ተባለ። ደባርቅ ያስቸግረዋል፤ ዳባት ላይ ግን ግድግዳ ያለው ግቢ ያለው ሰው ቢሞክረው አልቃወምም። አበባውን የሚያዳቅሉት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች በሌሉበት፣ ሰው ራሱ በቀጭን ብሩሽ ከአንዱ አበባ ዱቄቱን አንስቶ ሌላው ላይ ይቀባል። ስፔን ውስጥ ገበሬዎች ይህን ለመተዳደሪያ ይሠሩታል፤ ለእኛ ከሰዓት በኋላ ቡና ተጠጥቶ የሚሠራ ነው።

ሳንቃ በርስ? ትሉኛላችሁ። ከደባርቅ 400 ሜትር ሽቅብ፣ 2 ዲግሪ ተኩል ተጨማሪ ብርድ አለ፤ ያን የሚከፍል ግድግዳም ድቅልም አላውቅም። ደግሞም ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ለአስታውና ለጅብራው፣ ለዋልያውና ለጭላዳው እንጂ ለእኛ ጓሮ አይደለም። እዚያ አቮካዶ የሚያምረው ሰው ደባርቅ ገበያ ገዝቶ ይውጣ፤ ጭላዳዎቹ እንዳይቀሙት ብቻ ከቦርሳው አያውጣው።