የዓሣ ጫጩት ሆድ እና የኩሬ ዝግጅት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ከብት ያረባ ገበሬ አዲስ ለተወለደ ጥጃ ገለባ አያቀርብም። መጀመሪያ እንገሩን፣ ቀጥሎ ወተቱን ያጠባዋል። ጥጃው ሲጠባ ከምላሱ ሥር የሚመነጭ ኢንዛይም የወተቱን ስብ መፍጨት ይጀምራል፤ ገለባ የሚያብላላው ጨጓራ ግን የሚደርሰው ከሳምንታት በኋላ ነው። የዓሣ ጫጩትም እንዲሁ ሆዱ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል።

ጉዳዩ በስፋት የተጠናው በባሕር ዓሦች ላይ ነው። ብዙዎቹ ሲፈለፈሉ ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚኖሩት ከአስኳላቸው በሚያገኙት ምግብ ነው። አስኳሉ አልቆ መብላት ሲጀምሩ ጨጓራቸው ገና አልተሠራም። ስብ የሚፈጭላቸው ከቆሽት የሚመነጭ ላይፔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ እርሱም ሐሞት ካላገዘው በሚገባ አይሠራም። አቅሙም የሚጠናከረው ጫጩቱ እያደገ ሲሄድ ነው። በእንቁላል አስኳልና በአኩሪ አተር ውስጥ የሚገኘው ፎስፎሊፒድ የተባለ የስብ ዓይነት ከተራ ዘይት ይልቅ ይስማማቸዋል። አርቢዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደረቅ መኖ ብቻ የማይሰጡት፣ ይልቁንም ሮቲፈር የተባሉ እጅግ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳትን የሚመግቡት በዚህ ምክንያት ነው።

በኩሬ የሚረቡት ቆሮሶና አምባዛ የባሕር ዓሦች አይደሉም። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ፣ ልጆቿ ወደ ውሃ የሚለቀቁት ጠንከር ብለው ነው። የአምባዛ ጫጩት ግን ጨጓራው በሚገባ የሚሠራው መብላት ከጀመረ ከቀናት በኋላ ነው። ሁለቱም በሕፃንነታቸው በውሃው ውስጥ የሚበቅል ጥቃቅን ምግብ ያስፈልጋቸዋል።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ጫጩቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ኩሬው አስቀድሞ በፍግ ይዳብር። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ፣ ክንድ እስከ ክርን ሲጠልቅ መዳፍ የማይታይ ከሆነ ምግቡ ደርሷል። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ በደንብ ተፈጭቶና ተነፍቶ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ በቀን ደጋግሞ ይሰጥ። ቶሎ ያወፍራል ተብሎ ዘይት አይጨመር፤ የሻገተ ወይም ዘይቱ የከረፋ ፋጉሎ አይሰጥ። ውሃ ሲቀዘቅዝ ኢንዛይሙም ስለሚደክም፣ በብርድ ጊዜ መኖው ይቀነስ።

የተከበራችሁ አመራሮች፤

የጫጩት ማከፋፈያ ቀን በኩሬው ዝግጁነት እንጂ በሩብ ዓመት ሪፖርት ማድረሻ ቀን ሊወሰን አይገባም። ባልተዘጋጀ ኩሬ የተለቀቀ ጫጩት በወረቀት ላይ «ተከፋፍሏል» ይባላል፤ በውሃው ውስጥ ግን በረሃብ ያልቃል። ገበሬውም ኩሬውን ደፍኖ ጎመን ይተክልበታል፤ ያንን ያየ ጎረቤትም ዓሣ ማርባትን ዳግም አይሞክርም። ባሕር ዳርና ሰበታ የሚገኙትን የዓሣ ምርምር ማዕከላት አስቀድሞ ማማከር ከዚህ ኪሳራ ያድናል።

ለጥጃ እንገር እንደሚታሰበው ሁሉ፣ ለዓሣ ጫጩትም አረንጓዴ ውሃ ይታሰብለት።

መልካም የምሥረታ በዓል!