የቤት ጤና የአገር ሀብት ነው

የአምበርና የአካባቢዋ አንባቢዎች! ፊደል ቆጥራችሁ ይህን ጽሑፍ ራሳችሁ ለማንበብ በመብቃታችሁ ደስ ይለናል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሀብትና ስለ ጤና ነው።

እስቲ ከቤት እንጀምር። ወሩ ሐምሌ ነው እንበል። ጤፍ የሚዘራበት ጊዜ ነው። ገበሬው ግን በተቅማጥ ታሞ ተኛ። በሬዎቹ ሥራ ፈትተው ዋሉ። ጎረቤቶች በደቦ ቢያግዙትም ዘሩ ዘገየ። ለመታከሚያ አንዱ በሬ ተሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት የሚጠምደው አጣ። ይህን ሁሉ ያመጣው ምንድን ነው? ሳይፈላ የተጠጣ የወንዝ ውሃ ነው። በሽታ ድህነትን ይወልዳል፤ ድህነትም መልሶ በሽታን ይወልዳል።

አገርም እንደ ቤት ነው። ሕዝቡ ከታመመ ምርቱ ያንሳል። ምርቱ ካነሰ ለጤና ጣቢያና ለንጹሕ ውሃ የሚወጣው ገንዘብ ያጥራል። ታዲያ ሀብታም እስክንሆን እንጠብቅ? የለም! ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ስትጀምር ሀብታም አልነበረችም። ሆኖም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት የጤና ሠራተኞችን መመደብ ያዘች። እነሱም ከቤት ቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ንጽሕና አስተማሩ።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት፣ በአገራችን ከሚወለዱ 1000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ክትባቱም፣ ትምህርቱም፣ የኑሮው መሻሻልም አንድ ላይ ረድተዋል። ነገር ግን 67ም ብዙ ነው። እናት ልጇን በሺህ አትቆጥርም።

ድሮ ወላጆች ስንቱ እንደሚተርፍ ስለማያውቁ ብዙ ይወልዱ ነበር። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባል ነበር። ሞት ሲቀንስ ግን ብዙዎች አራርቀው መውለድን መረጡ። በአማራ ክልል አንዲት እናት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች በ1992 ዓ.ም. ወደ 6 ይጠጉ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከ4 በታች ሆኑ።

ይሁን እንጂ መጀመሪያ የሚቀንሰው ሞት ነው፤ ወሊድ የሚቀንሰው ዘግይቶ ነው። በዚህ መካከል ሕዝብ ይበዛል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከ53 ሚሊዮን በላይ ነበርን። በ1999 ዓ.ም. ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆንን። መሬት ግን አይወልድም። 8 ጥማድ መሬት ለ4 ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2 ጥማድ ይደርሰዋል። ለ8 ልጆች ከሆነ 1 ጥማድ ብቻ ነው። አንድ ጥማድ ቤተሰብ ይመግባል? እናንተው ፍረዱ።

እንግዲህ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። እጃችሁን በሳሙና፣ ከሌለም በአመድ ታጠቡ። ስለ ልጆቻችሁ ቁጥር ባልና ሚስት ተመካከሩ። የልጃችሁን የክትባት ካርድ ከሳጥን አውጡት። ትናንት ሰው ለምናችሁ ታስነብቡት ነበር። ዛሬ ራሳችሁ አንብቡት። ቀኑ ደርሶ ከሆነ ነገ ሳትሉ ልጁን አስከትቡ።

ጥያቄዎች
1. በሬው ለምን ተሸጠ?
2. ሞት ሲቀንስ ወላጆች ለምን ጥቂት ልጆችን መረጡ?
3. በእናንተ ቤት የሚቀጥለው የክትባት ቀን መቼ ነው?