ከሐዲዱ በፊት የጊዜ ሰሌዳው፦ የስዊዘርላንድ የባቡር መረብ እንዴት ይነበባል?



የባቡር ፍቅር ያደረበት ሰው አውሮፓን ሲያስብ ቀድመው ወደ ልቡናው ከሚመጡት አገሮች አንዷ ስዊዘርላንድ ናት። የቆዳ ስፋቷ 41 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሕዝቧም ቁጥር ወደ 9 ሚሊዮን ይጠጋል። አብዛኛው መሬቷ ተራራማ ነው። የባሕር በር የላትም፤ ይህ ነው የሚባል የድንጋይ ከሰልም የላትም። እንዲህም ሆና ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ዘርግታለች። ወደዚያ የሚጓዝ የባቡር ወዳጅ ካሜራውን አንግቶ የሚከተለው ድልድዩን፣ ዋሻውንና በረዶ የለበሰውን ተራራ ነው። እኔ ዛሬ የማመለክታችሁ በካሜራ የማይያዘውን ነገር፣ የጊዜ ሰሌዳውን ነው።

የገለጻዬ ጭብጥ በአጭሩ ይህ ነው። አብዛኞቹ አገሮች ባቡር ሲያቅዱ አስቀድመው የሚጠይቁት «ምን ያህል ይፍጠን?» ብለው ነው። ስዊሶች ግን ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ «ከማን ጋር ይገናኝ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ጥያቄው በመለወጡ ከትልልቆቹ ከተሞች ርቆ የሚኖረው ሰው በመረቡ ውስጥ ያለው ቦታ ተለወጠ። በገለጻዬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

የአጀማመሩ ታሪክ ለዛሬው ሥርዓት ምልክት የሚሰጥ አልነበረም። ሙሉ በሙሉ በአገሪቱ ክልል ውስጥ ያለው የመጀመሪያው መስመር ዙሪክን ከባደን ጋር በማገናኘት የተከፈተው በ1847 ነው። በ1850 የፌዴራሉ መንግሥት እንግሊዛዊውን መሐንዲስ ሮበርት ስቲቨንሰንን ጋብዞ ስለ መረቡ አቅጣጫ አስጠና። ነገር ግን በ1852 የወጣው ሕግ ግንባታውን ለካንቶኖችና ለግል ኩባንያዎች ተወው። ኩባንያዎቹም እርስ በርስ ተሻሙ፤ አንዱ የሌላውን ደንበኛ ለመንጠቅ ጎን ለጎን ሐዲድ ዘረጋ፤ ከፊሎቹም ከሰሩ። በመጨረሻ በየካቲት 1898 የአገሪቱ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ዋና ዋናዎቹ መስመሮች በመንግሥት እጅ እንዲገቡ ወሰነ። የፌዴራሉ ምድር ባቡርም በ1902 ሥራውን ጀመረ። ይህን ሕዝበ ውሳኔ ልብ በሉልኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያች አገር የባቡር ጉዳይ በተደጋጋሚ ወደ ምርጫ ኮሮጆ ተመልሷል።

ከዚያ በፊት ግን ጎትሃርድ ነበረ። ከሰሜን አውሮፓ ወደ ጣሊያን የሚወስደውን የአልፕስ ተራራ በ15 ኪሎ ሜትር ዋሻ ለመብሳት ቁፋሮ የተጀመረው በ1872 ነው። ሥራውን በኮንትራት የወሰደው የጄኔቫው ሉዊ ፋቭር በ1879 እዚያው ዋሻው ውስጥ ሳለ ሕይወቱ አለፈች። በ1875 በሙቀቱ፣ በጭሱና በደመወዙ የተማረሩ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ የታጠቀ ኃይል ተኩስ ከፍቶባቸው አራት ሰዎች ሞቱ። በአደጋ የሞቱት ወደ 200 የሚጠጉ ሲሆን፣ በዋሻው ውስጥ ከያዛቸው በሽታ የተነሣ ኋላ ያለቁት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ዋሻው በ1882 ተከፈተ። የባቡር ወዳጅ በዚያ ሲያልፍ የድንጋዩን ጥርበት ብቻ ሳይሆን ይህንንም ቢያስታውስ መልካም ነው።

የጎትሃርድ ቁፋሮ ገና ሳያልቅ፣ በ1879፣ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የተማረ አንድ ወጣት መሐንዲስ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት መጣ። እርሱም በእኛ ታሪክ የሚታወቀው አልፍሬድ ኢልግ ነው። በ1894 የጅቡቲን የባቡር መስመር የመሥራት ፈቃድ የተሰጠው ለእርሱ ኩባንያ ነበር። ያ መስመር አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ድሬዳዋን በ1902፣ አዲስ አበባን ደግሞ በ1917 አገኘ። የስዊስ ተራሮችን የሚወጡት አብዛኞቹ ቀጫጭን መስመሮችም የሐዲዳቸው ስፋት ያው አንድ ሜትር ነው። ጠባብ ሐዲድ አጭር ኩርባ ላይ መታጠፍ ስለሚችል በገደል አገር የግንባታውን ወጪ ይቀንሳል።

ወደ ስዊዘርላንድ ልመለስ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ያመጣው የከሰል እጥረት ባቡሮቿን አደናቅፎ ነበር። አገሪቱ ያላት ሀብት ከተራራ የሚወርድ ውኃ ነውና ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ አዞረች። የጎትሃርድ መስመር ከ1920 ጀምሮ በኤሌክትሪክ መሥራት ያዘ። ረጅም አፍንጫ ያላቸውና «አዞ» የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸው ሎኮሞቲቮች የተሠሩትም ለዚሁ አቀበት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሁለት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ጣሪያቸው ላይ የኤሌክትሪክ መቀበያ ተገጥሞላቸው ውኃቸውን በከሰል ፈንታ በኤሌክትሪክ እንዲያፈሉ ተደርጓል። ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም ከሰል ለሌለው አገር የችግር መውጫ ነበር። ዛሬ የአገሪቱ መረብ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በየጣቢያው የሚታየውን ነጭ ገጽታና ጥቁር ዘንጎች ያሉትን ሰዓት በ1944 የነደፈው ሃንስ ሂልፊከር ነው። ቀዩ የሰከንድ ዘንግ የተጨመረው በኋላ ነው። ይህ ዘንግ ዙሩን በ58 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይጨርስና ከላይ ቆሞ ከማዕከል የሚላከውን ምልክት ይጠብቃል፤ ምልክቱ ሲደርስ በአገሪቱ ያሉ የጣቢያ ሰዓቶች ሁሉ በአንድ ቅጽበት ወደ አዲሱ ደቂቃ ይሻገራሉ። ፈጥኖ መድረስ፣ ከዚያም ሌላውን መጠበቅና አብሮ መነሣት፤ ይህ የሰዓቱ ጠባይ ኋላ የመረቡም ጠባይ ሆነ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ወጣት የባቡር ባለሙያዎች፣ ባልደረቦቻቸው እንደ ቅዠተኛ እየቆጠሯቸው፣ አንድ ሐሳብ ይዘው ተነሡ። በየመስመሩ ባቡር በየሰዓቱ፣ ሁልጊዜም በዚያው ደቂቃ ይነሣ የሚል ነው። ሐሳቡ በግንቦት 1982 በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ ዋለ። መንገደኛው ከዚያ ወዲህ በቃሉ መያዝ የሚገባው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ባቡሩ ሰዓቱ ካለፈ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚነሣ።

የዚህ ሥርዓት ሂሳብ እንዲህ ነው። በአንድ መስመር ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ባቡር በየሰዓቱ ቢነሣ፣ ሂያጁና መጪው በየ30 ደቂቃው ርቀት ይገናኛሉ። እንግዲህ ሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች ከ30 ወይም ከ60 ደቂቃ ጥቂት ባነሰ ጉዞ ከተራራቁ፣ በሁለቱም ላይ ከየአቅጣጫው የሚመጡት ባቡሮች ሰዓቱ ወይም ግማሽ ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይገባሉ፤ መንገደኛው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ሰዓቱ ወይም ግማሽ ሰዓቱ እንደሞላም ሁሉም ተከታትለው ይወጣሉ። እንዲህ ያለውን ጣቢያ መገናኛ ልንለው እንችላለን።

ችግሩ ዙሪክና በርን ነበሩ። በመካከላቸው ያለው ጉዞ ከአንድ ሰዓት ይበልጥ ነበርና ከዙሪክ የመጣው ባቡር በርን ሲደርስ ሌሎቹ ቀድመውት ሄደዋል። ቀድሞ የቀረበው እቅድ ምሥራቁንና ምዕራቡን የሚያቋርጥ አዲስ ፈጣን መስመር መዘርጋት ሲሆን፣ መስመሩ የማይነካቸው አካባቢዎች «ለእኛ ምን ይተርፈናል?» ብለው ተቃወሙት። ከዚህ ክርክር የተወለደው «ባቡር 2000» የተሰኘው እቅድ መርሑ አጭር ነበር፤ የተቻለውን ያህል ሳይሆን የሚያስፈልገውን ያህል መፍጠን። በታኅሣሥ 1987 ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ በ57 በመቶ ድምፅ ጸደቀ። ወጪው ከታሰበው በላይ እያበጠ በመምጣቱ እቅዱ በምዕራፍ ተከፍሎ ከተቀነሰ በኋላ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ በታኅሣሥ 2004 ሥራ ጀመረ። በማትሽቴተንና በሮትሪስት መካከል በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚኬድበት 45 ኪሎ ሜትር አዲስ ሐዲድ ተሠርቶ የዙሪክና የበርን ጉዞ ከአንድ ሰዓት በታች ወረደ።

ጉዞው ለምን 45 ደቂቃ እንዲሆን አልተደረገም? እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ቆም ብላችሁ አስቡ። በ45 ደቂቃ በርን የደረሰ መንገደኛ ወደ ተራራው መንደር የሚወስደውን ባቡር 15 ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል። ለፍጥነቱ የወጣው ገንዘብ መድረሻው ዋናው ከተማ ለሆነ ሰው ይጠቅማል፤ መንገዱን ለሚቀጥል ሰው ግን ትርፉ በጥበቃ ያልቃል። ስለዚህ የሐዲዱን ርዝመት፣ የዋሻውን ቦታና የባቡሩን ፍጥነት የወሰነው የጊዜ ሰሌዳው ሆነ። ሰሌዳው ቀድሞ ተጻፈ፤ ኮንክሪቱ ተከተለው።

ይህን በዓይን ማየት ለሚሻ የባቡር ወዳጅ ምክሬ እንዲህ ነው። በርን ወይም ዙሪክ ጣቢያ ሰዓቱ ሊሞላ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ተገኙና የመድረኮቹን መሙላትና መፍሰስ ተመልከቱ። ቀጥላችሁም እስከ መጨረሻዋ መንደር ሂዱ፤ ከትንሿ ጣቢያ በር ላይ የፖስታ አውቶቡስ የሚባለው ቢጫ አውቶቡስ የባቡሩን መምጣት ይጠብቃል። ባቡሩ፣ አውቶቡሱ፣ በሐይቅ ላይ የምትሄደው መርከብም ሳትቀር በአንድ ሰሌዳ ተገጣጥመዋል፤ ለአብዛኛው መስመር የሚያገለግል አንድ የጋራ ትኬትም አለ።

ተራራውንም አትለፉት። በአልቡላ መስመር በበርጉንና በፕሬዳ መካከል ቀጥተኛው ርቀት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ባቡሩ ከ400 ሜትር በላይ ከፍታ ለመውጣት በተራራው ሆድ ውስጥ እየተጠማዘዘ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በዚያው መስመር 65 ሜትር ከፍታ ያለው የላንድቫሰር ድልድይ በኩርባ ሄዶ በቀጥታ ገደሉ ውስጥ ካለው ዋሻ ይገባል። የበርኒና መስመር 2,253 ሜትር ከፍታ ላይ ይወጣና ወደ ጣሊያኗ ቲራኖ 429 ሜትር ድረስ ይወርዳል፤ በየ1,000 ሜትሩ እስከ 70 ሜትር የሚደርሰውን ቁልቁለት ያለ ጥርስ ሐዲድ ነው የሚሄደው። ዩኔስኮ ሁለቱን መስመሮች በ2008 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ጥርስ ያለው ሐዲድ ማየት የሚሻ ወደ ፒላቱስ ይውጣ። በ1889 የተከፈተው ይህ መስመር 48 በመቶ አቀበት የሚወጣ፣ በዓለም ከጥርስ ሐዲዶች ሁሉ እጅግ ቀጥ ያለው ነው።

ውዳሴ ብቻ ግን ትምህርት አይሆንም። ሁሉ ነገር ከሁሉ ጋር የተሳሰረበት መረብ ሲሰበርም ተያይዞ ነው። በሰኔ 2005 በኡሪ አካባቢ በሥራ ምክንያት የኤሌክትሪክ መስመሮች ተቋርጠው ሳለ የቀረው መስመር ጫናውን ሊሸከም አልቻለም፤ በደቂቃዎች ውስጥ የፌዴራሉ ምድር ባቡር መረብ ባለበት ቆመ፤ ወደ 200 ሺህ የሚሆኑ መንገደኞችም ለሰዓታት መንገድ ላይ ቀሩ። በ2016 የተከፈተው 57 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የጎትሃርድ ዋሻ፣ በነሐሴ 2023 አንድ የጭነት ባቡር ጎማው ተሰብሮ ከሐዲድ በመውጣቱ ተጎዳ፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ሥራ የተመለሰው በመስከረም 2024 ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙዎቹን የመንገደኛ ባቡሮች የተቀበላቸው በ1882 የተከፈተው አሮጌው የተራራ መስመር ነበር። «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ ቢነቀል ኖሮ ምን ይኮን ነበር? ከዚህም ሌላ ሥርዓቱ ጨካኝ ገጽታ አለው። ከጀርመን ዘግይቶ የሚመጣ ባቡር ባዝል ላይ እንዲቆም ይደረግና መንገደኛው በሌላ ባቡር ይቀጥላል፤ የአንዱ መዘግየት የሺዎችን ግንኙነት እንዳያፈርስ ማለት ነው።

የገንዘቡ ምንጭም መነሣት አለበት። ስዊሶች የአልፕስን አዳዲስ ዋሻዎች በ1992 በድምፃቸው ፈቀዱ፤ በ1994 አልፕስን የሚያቋርጠው ጭነት ከመንገድ ወደ ሐዲድ እንዲዛወር ወሰኑ፤ በ1998 በከባድ የጭነት መኪና ላይ በክብደትና በርቀት የሚሰላ ክፍያ እንዲጣል ተስማሙ። ከክፍያው ገቢ ከፊሉ ለእነዚሁ ዋሻዎች ግንባታ ዋለ። ዕዳውንም ጥቅሙንም የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ባቡሩ ይከራከራል፤ ከፋዩ ራሱ ነውና።

ክቡራን አድማጮቼ፤ ከዚህ ሁሉ ለጥናታችን የሚቀረው የአሠራር ትምህርት ነው። የስዊስን ዋሻ መቅዳት አያስፈልገንም፤ ገንዘቡም የለንም። ጥያቄውን መውሰድ ግን ምንም አያስከፍልም። አንድ የመጓጓዣ እቅድ በፊታችሁ ሲቀርብ የሐዲዱን ርዝመትና የባቡሩን ፍጥነት ከመመዝገባችሁ በፊት መንገደኛው ከባቡሩ ሲወርድ ምን እንደሚጠብቀው ጠይቁ። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የመንገደኛ ጣቢያው ከከተማዋ እምብርት ርቆ ነው ያለው። ባቡሩ በደረሰ ሰዓት ወደ ከተማ የሚወስድ አውቶቡስ መኖርና አለመኖሩ እንግዲህ ከባቡሩ ሞተር ጉልበት ያላነሰ የምሕንድስና ጥያቄ ነው። ከመካከላችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ካለ ከዚህ ሊጀምር ይችላል፤ መሣሪያው እርሳስ፣ ወረቀትና ሰዓት ብቻ ነው።