«ወላጅህን ይዘህ ና» ያልኩት ሰው

(በማኅበራችን የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



ምሳ ስለደረሰ አላስረዝምም። ጠበቃ «አላስረዝምም» ሲል የሚያምነው እንደሌለ ግን አውቃለሁ።

ለሕግ ትምህርት ወደዚህ ግቢ ከመምጣቴ በፊት ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንዲት የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ አስተምር ነበር። 1989 ዓ.ም. ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ እኩዮቼ ለመሆን ትንሽ ነው የቀራቸው። የገጠሮቹ በተለይ ትምህርት የጀመሩት ዘግይተው ነው፤ ከብት ጠብቀው፣ አንድ ሁለት ዓመት አቋርጠው፣ እንደገና ተመልሰው። ከተማ ሲመጡ ለሦስት ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ስንቁ በገበያ ቀን ከቤት ይመጣል፤ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ። ከዚያ ውጭ ወጡን የሚሠሩት፣ ከአከራይ ጋር የሚከራከሩት፣ ሲታመሙ ጤና ጣቢያ የሚሄዱት ራሳቸው ናቸው።

ከእነሱ አንዱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር። «ልጅ» አልኩት አይደል? ሃያ ዓመት የሞላውን ሰው! በአንድ ሳምንት ሁለት ቀን ቀረ። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነበርኩ፤ ለምን እንደቀረ ሳልጠይቅ «ወላጅህን ሳትይዝ እንዳትመጣ» አልኩት። ደንቡ እንደዚያ ነበር። በእድሜ ስለምንቀራረብም ሳይሆን አይቀርም ደንቡን አጥብቄ የያዝኩት። የከተማዎቹ ልጆች ለዚህ መላ ነበራቸው፤ ጠላ ቤት ከተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ጋር ተዋውለው «አባቴ ናቸው» ብለው ይዘው ይመጣሉ። እሱ ግን የእውነት አባቱን ሊያመጣ ሄደ። የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ወቅቱም የእርሻ ነበር።

የተመለሰው ከወር በላይ ቆይቶ፣ ብቻውን፣ ደብተሩንና ብርድ ልብሱን ሊወስድ ነው። አባትህ ምን አሉ ብለው «‹ሰው ሆነሃል፤ ሰው የሆነ አባቱን አያስጠራም። በል በሬውን ጥመድ› አሉኝ፣ ቲቸር» አለኝ። ሁለቱን ቀን የት እንደነበረ የነገረኝ አብሮት የሚኖረው ልጅ ነው። ለቤት ኪራይ ድንጋይ ሲሸከም ነበር።

ሕጉን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን አካለ መጠን የሚደረሰው በ18 ዓመት ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 215 ያንኑ ይዟል። (አሮጌው ሕግ ሴት ልጅን በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ አዲሱ ለሁለቱም 18 አደረገው። ይሄ ራሱን የቻለ ንግግር ይወጣዋል።) ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ እኔ የምጠቅሰው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበትን የፌዴራሉን ነው። ልጅ 18 ሲሞላው የወላጅ አሳዳሪነትና ሞግዚትነት ያበቃል። ውል ይፈርማል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ይመርጣል። አሥረኛ ክፍል ይሁን አሥራ ሁለተኛ ሕጉ አይጠይቅም።

ቀለብ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀለብ ስንል እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ምግብ፣ መኖሪያ፣ ልብስ፣ ጤና፣ እንደ ሁኔታውም ትምህርት አለበት። በወላጅና በልጅ መካከል ያለው ይህ ግዴታ 18 ሲሞላ በራሱ አይቋረጥም። መመዘኛው ጠያቂው ችግረኛ መሆኑና በሥራው ራሱን ማስተዳደር አለመቻሉ ነው፤ መጠኑም በጠያቂው ችግርና በከፋዩ አቅም ይወሰናል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሕጉ በ18 ዓመት የሚያቆመው ሥልጣኑን ነው፣ ግዴታውን አይደለም። እኔ ያን ቀን ያደረግሁት ግልባጩን ነበር፤ የአባትን ሥልጣን ጠራሁ፣ የቤት ኪራዩን ነገር አልጠየቅሁም።

ጠበቃ ከሆንኩ በኋላ አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። ከባላቸው ተፋተዋል፤ ልጅቷ 18 እንደሞላት አባት ቀለቡን አቆመ። «እርስዎ መክሰስ አይችሉም፣ ከሳሿ እሷ ናት» ስላቸው ከፋቸው፤ «ወልጄ አሳድጌ ዛሬ ባዳ ሆንኩ?» አሉኝ። ልጅቷ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጥታ ውክልናውን ራሷ ፈረመች። አባትየው «አድጋለች፣ ትሥራ» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ሕጉም መሥራት ትችላለች ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሙሉ ቀን የምትማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መሆኗን አስረዳን፤ በመጨረሻ በስምምነት አለቀ። ኮሪደሩ ላይ «እከፍላለሁ፣ ግን ካርድሽን ልይ» አላት። «አባዬ፣ ራስህ ከመጣህ አሳይሃለሁ» አለችው። በችሎት ሥራዬ ከዚያ የተሻለ ፍርድ የሰማሁ አይመስለኝም።

ወላጅ ከትምህርት ቤት ደጅ ይራቅ የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። ዱቄት ተሸክሞ ቀን ሙሉ የሚጓዝ አባት ወሬ ሊነፈገው አይገባም። እዚህ ከተቀመጣችሁትም «ቀለቡን እየሰፈርኩለት እንዴት አልጠይቅም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጠይቁ እንጂ! እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። 18 ዓመት የሞላው ተማሪ ሲቀር መጀመሪያ ራሱ ይጠየቅ፤ ወላጅ የሚጠራ ከሆነም ለምን እንደሚጠራ ተነግሮት ይሁን፤ የወላጅ አለመምጣት ብቻውን ከክፍል አያስወጣው። የቀለብ ጥያቄ ያለበት ተማሪም ወደ ሕግ ትምህርት ቤታችን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይመራ።

ይህንኑ በግማሽ ገጽ ጽፌ ለማኅበራችን ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። ርዕሰ መምህራን የሆናችሁ አባሎቻችን ቅጂውን ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ውሰዱ፤ አስተማሪዎችን የምታሠለጥኑ መምህራኖቻችን ደግሞ የሚነቀፈውን በእስክሪብቶ ነቅፋችሁ መልሱልኝ። ምሳው ሳይቀዘቅዝ ላብቃ።