አንቴናውን የያዘው ልጅ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



ተናገሪ ስባል መጀመሪያ የጠየቅኩት “ስንት ደቂቃ?” ብዬ ነው። የኦራል ፈተና ያስደነገጠው ሰው ልማዱ አይለቀውም። አሥራ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶኛል። የተሰጠኝ ርዕስ “ትልቅ ሕልም” የሚል ነው። ስለ ራዲዮሎጂ አውሪ ብትሉኝ ይቀለኝ ነበር። ስለ ሕልም ብቻዬን ማውራት ስለማልችልበት አንድ ሰው ይዤ መጥቻለሁ።

በእኛ ልጅነት ቴሌቪዥን ያለበት ቤት የገባ ሁሉ ይህን ያውቃል። አንዱ ልጅ አንቴናውን ያዞራል፤ የተቀሩት ይጮኻሉ። “መጣ! መጣ! አይ፣ ሄደ! መልሰው!” ምስሉ የሚጠራው ልጁ አንቴናውን በእጁ ሲይዘው ብቻ ከሆነ ደግሞ በቃ፣ ያ ልጅ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ እዚያው ቆሞ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1972 ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዲህ ቆሞ የቀረ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ስሙ ሆሴ ሄርናንዴዝ ይባላል። የአራት ልጆች ታናሽ ስለሆነ አንቴና መያዝ የእሱ ድርሻ ነበር። በቴሌቪዥኑ የሚታየው አፖሎ 17 ነው፤ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ጨረቃ ላይ የተራመደበት ጉዞ። ልጁ አንቴናውን እንደያዘ ጠፈርተኛ እሆናለሁ ብሎ ወሰነ።

አሁን ቤቱን እንየው። ወላጆቹ ከሜክሲኮ የመጡ የእርሻ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ምርቱ የሚደርስበትን ቦታ እየተከተሉ ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። ልጆቹም ቅዳሜና እሑድ፣ ክረምትም እንጆሪ፣ ቲማቲምና ኪያር ይለቅማሉ። ሆሴ እንግሊዝኛ በደንብ የቻለው አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ “ጠፈር እሄዳለሁ” ቢላችሁ ምን ትሉት ነበር? እኔ “ጎሽ የኔ ልጅ፣ በርታ” ብዬ ወደ ሥራዬ የምመለስ ይመስለኛል።

አባቱ የተማሩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ብቻ ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁበትም፣ “በርታ” ብለውም አላለፉትም። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ዘንድ አስቀምጠው አምስት ነገር ነገሩት። የምትፈልገውን ለይ። ከዚያ ምን ያህል እንደራቅክ እወቅ። የምትሄድበትን መንገድ ንደፍ። ተማር። እርሻው ላይ እንደምትሠራው በትምህርትህም ሥራ። ሆሴ ካደገ በኋላ ስድስተኛ ጨመረበት፤ ተስፋ አለመቁረጥ።

እናንተ ሐኪሞች፣ እናንተም መምህራን፣ እባካችሁ ሁለተኛዋን ያዙልኝ። ከምትፈልገው ነገር ምን ያህል እንደራቅክ እወቅ። ሰው ሁሉ ስለ ሕልምና ስለ ጽናት ይሰብካል። ርቀቱን የሚለካ ግን ጥቂት ነው። በእኛ ቋንቋ እሷ ዲያግኖሲስ ናት።

ርቀቱን ለክታ የነገረች ሌላም ሰው ነበረች፤ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪው። ቤተሰቡ በየዓመቱ ወደ ሜክሲኮ ሄዶ ለወራት ሲቆይ ልጆቹ ከትምህርት ይቋረጡ ነበር። አስተማሪዋ እቤታቸው ድረስ ሄደች። አንድ ቦታ ካልተቀመጣችሁ እነዚህ ልጆች የትም አይደርሱም ብላ ወላጆቹን አስረዳች። አባትየው ሰሟት፤ ስቶክተን በምትባል ከተማ ተቀመጡ። ይህች ሴት ሮኬት አልሠራችም። ከትምህርት ቤት እስከ አንድ ደሃ ቤት ድረስ ሄደች፣ ያ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ሆሴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኖ እርሻ ላይ ሲኮተኩት፣ ከኮስታሪካ የመጣው ፍራንክሊን ቻንግ ዲያዝ ለጠፈርተኝነት መመረጡን በትንሽ ሬዲዮ ሰማ። እንደ እሱ ስፓኒሽ የሚናገር ሰው! ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘና ሎውረንስ ሊቨርሞር በሚባለው ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተቀጠረ። ለናሳም አመለከተ። አይሆንም ተባለ። እንደገና አመለከተ። አይሆንም። ይህ አሥራ አንድ ጊዜ ሆነ።

ስድስተኛው ደብዳቤ ሲመጣ ሊተወው ነበር። ባለቤቱ ናት ያስቆመችው። እነሱ አይሆንም ይበሉህ እንጂ አንተ ራስህን አትጣል አለችው። ከዚያ እሱ ያደረገውን ስሙልኝ። የተመረጡትን ሰዎች ታሪክ ወስዶ ከራሱ ጋር አስተያየ። እነሱ ያላቸው፣ እኔ የሌለኝ ምንድን ነው? አብዛኞቹ አውሮፕላን ያበራሉ፤ የአብራሪነት ፈቃድ አወጣ። ውኃ ውስጥ ይጠልቃሉ፤ መጥለቅ ተማረ። ከሩሲያ ጋር የጋራ ሥራ እየመጣ ነው፤ ሩሲያኛ ተማረ። የአባቱን ሁለተኛ ምክር ነው የፈጸመው፤ ርቀቱን ለካ።

እ.ኤ.አ. በ2001 ናሳ ወሰደው፤ ግን በኢንጂነርነት። በ2004 በአሥራ ሁለተኛው ማመልከቻ ለጠፈርተኝነት ተመረጠ። በኦገስት 2009 በዲስከቨሪ መንኮራኩር ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሄዶ ከ14 ቀን ገደማ በኋላ ተመለሰ። ያኔ ዕድሜው 47 ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ “እንግዲህ አርጅተናል” የምትሉ የክፍሌ ልጆች፣ ሰምታችኋል?

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ብሎን ምሳ እንሄዳለን። ግን ሐኪም ነኝ። አንድ የዳነ ሰው ሲያሳዩኝ “ስንት ታክመው ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ። ለናሳ የሚያመለክተው በሺዎች ነው፤ የሚመረጠው ጥቂት ነው። ተግተው፣ በርትተው፣ አብራሪነትም ጠልቆ መዋኘትም ተምረው ያልተመረጡ አሉ። መጽሐፍም ፊልምም የሚሠራው ስለ ሆሴ ነው። “ጽና፣ ይሆናል” ብዬ ለተማሪ ብነግር እዋሻለሁ።

ታዲያ ለምን እሱን ይዤ መጣሁ? እኔ ይህን ሰው ያወቅኩት በጠፈር በኩል አይደለም፤ በማሞግራፊ በኩል ነው።

ሬዚደንት ሆኜ ስለ ጡት ምርመራ ሳነብ ስሙን አገኘሁት። ሊቨርሞር ውስጥ የሚሠራው ለሚሳይል መከላከያ ታስቦ በነበረ የኤክስሬይ ሌዘር ፕሮግራም ላይ ነበር። ሥራው የኤክስሬይ ፊልም ምስልን በቁጥር መተንተን ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ፣ ያንን ዕውቀት ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ሕክምና አዞሩት። መላውን ጡት በአንድ ጊዜ የሚያነሳ የመጀመሪያውን የዲጂታል ማሞግራፊ ሥርዓት በጋራ ከሠሩት አንዱ እሱ ነው።

ራዲዮሎጂስት ላልሆናችሁ ላስረዳ። ፊልም አንዴ ከታጠበ አለቀ፤ ደብዝዞ ከወጣ ደብዝዞ ይቀራል። ጥቅጥቅ ያለ ጡት በፊልም ላይ ነጭ ነው፣ ዕጢውም ነጭ ነው። በጉም ውስጥ ነጭ በግ ፈልጉ እንደማለት ነው። ዲጂታሉን ግን ካነሣን በኋላ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ እናደርገዋለን፣ እናጎላዋለን። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ፣ ወደ 49,500 ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ሁለቱን አወዳድሮ ነበር። በአጠቃላይ ሲታይ ተቀራራቢ ናቸው። ከ50 ዓመት በታች ለሆኑና ጡታቸው ጥቅጥቅ ላለ ሴቶች ግን ዲጂታሉ በልጦ ተገኘ። እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ እነዚያው ናቸው።

ሆሴ ይህን ሲሠራ “አይሆንም” የተባለ ሰው ነበር። ባይመረጥ ኖሮም ይህ ሥራው ይኖር ነበር። እሱን ይዤ የመጣሁት ለዚህ ነው። ርቀቱን አውቆ የሚሄድ ሰው ባይደርስም መንገዱ ላይ የሚተወው ነገር አለ። ርቀቱን ሳያውቅ የሚቆም ሰው ግን ባዶ እጁን ይቀራል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከተመረቅን በኋላ ዕጣ ስናወጣ የት እንደደረሰኝ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ስቃችሁብኛል። እዚያ ሆስፒታል በጂፒነት ስሠራ አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘዋል። ሲገልጡት ቁስሉ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ነበር። “ዶክተርዬ፣ ዘገየሁ እንዴ?” አሉኝ። ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ራዲዮሎጂ እማራለሁ ያልኩት በዚያ ሳምንት ነው።

አመለከትኩ፤ ስሜ ከማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ የለም። በዓመቱም የለም። በሦስተኛውም የለም። ለምን እንዳልተመረጥኩ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጠይቄ ያገኘሁት መልስ “ውድድሩ ከባድ ነበር” የሚል ነው። አራተኛውን ትቼዋለሁ ብዬ ለእማዬም ነግሬያት ነበር። እሷም “ይቅርብሽ፣ ጤና ይስጥሽ” ብላኛለች።

በዚያ ሰሞን ትራንስክሪፕት ላወጣ እዚህ ግቢ መጣሁና ኮሪደር ላይ አንድ መምህራችንን አገኘኋቸው። “ምነው ከሳሽ?” አሉኝ። ነገርኳቸው። “ነይ ግቢ” ብለው ቢሯቸው አስቀመጡኝ፤ እንደ ቃለ መጠይቅ አድርገው ጠየቁኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ “ውጤትሽ ምንም አይልም። አንቺ ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሻለሽ። ስትፈሪ ትፈጥኛለሽ። ፈታኙ ደግሞ ችኩል ናት ብሎ ይጽፍሻል” አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ያጣሁት ነገር በሩብ ሰዓት ተገኘ። በአራተኛው ገባሁ። እሳቸው ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን እንዳልጠራ ስላስጠነቀቁኝ አልጠራም።

ይህን ይዤ ቢያንስ እኔ ራሴ ተምሬያለሁ ትሉ ይሆናል። አልተማርኩም። አሁን ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ሐኪም ጠይቀን አልመረጥነውም። የጎደለውን አውቄዋለሁ፤ ሁለት ነገር ነው፣ ሁለቱም በስድስት ወር የሚሞላ። ከቀናት በኋላ ደጃፌ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። “ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ምን ጎደለኝ?” አለኝ። ወደ ራውንድ እየሮጥኩ ነበር። “ውድድሩ ከባድ ነበር” አልኩት። ራሴን የሰበረኝን ቃል፣ ቃል በቃል። እሱም አመስግኖኝ ሄደ። ዘንድሮ አመልካቾቹን ስናይ ስሙን ፈለግኩት። የለም።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንና እንደ እኔ ወንበሩ ላይ ለተቀመጣችሁ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። “አይሆንም” ማለት ሥራችን ነው፤ ቦታው አሥር ከሆነ አሥራ አንደኛው መመለሱ አይቀርም። ግን ስንመልሰው ርቀቱን እንንገረው። አንድ መስመር ይበቃል። “ይህ ይጎድልሃል፣ ይህን አድርግ።” ደግሞም መንገዱ የእሱ ካልሆነ እውነቱን በአክብሮት እንንገረው፤ ሌላ መንገድ ይፈልግ። ዝም ማለት ጨዋነት መስሎን ልጆቹን ጨለማ ውስጥ አንተዋቸው።

የማኅበራችን አባላት ደግሞ፣ ውጭ ያላችሁም አገር ውስጥ ያላችሁም፣ ሩብ ሰዓት ስጡን። ገንዘብ አልጠየቅኩም፤ እሱን ገንዘብ ያዣችን ከምሳ በኋላ ይጠይቃችኋል። ለሬዚደንሲም ለሌላም ተወዳድሮ የወደቀ ልጅ ደውሎ “ምን ጎደለኝ?” የሚላችሁ ስልክ ብቻ። በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ አስቀምጠናል፤ ስማችሁንና ሙያችሁን ጻፉበት። የመጀመሪያው ስም የኔ ነው።

ያንን ወጣት ባለፈው ሳምንት ደወልኩለት። አላነሣም። ነገም እደውላለሁ።